መንግሥት ቤትዎን ሲፈልገው መጀመሪያ የሚያውቀው ማን ነው?

ኖቬምበር 2000፣ የምስጋና ቀን ዋዜማ። በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት፣ ኒው ለንደን በምትባል የወደብ ከተማ፣ የፎርት ትራምቡል ሰፈር ነዋሪዎች በራቸው ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኙ። ቤታቸው በሕግ ኃይል ሊወሰድ ነው። ከቤቶቹ አንዷ ሮዝ ቀለም የተቀባች፣ ውሃውን ፊት ለፊት የምታይ ትንሽ ቤት ናት። ባለቤቷ ሱዜት ኬሎ እዚያ የገባችው በ1997 ነው፤ ብዙ ደክማ አድሳታለች። እዚያው ሰፈር በ1918 በተወለዱበት ቤት ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩ ሴትም ነበሩ። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ ዓለም ሁሉ አወቀው። ስለ ክርክሩም ስለ ካሳውም ብዙ ተጽፏል። እኔ ግን ታሪኩን ባነበብኩ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው ያቺ ወረቀት ላይ ነው። ለቤቱ ባለቤት የመከራው መጀመሪያ ናት። ለመንግሥት ግን ሥራው ወደ ማለቂያው ደርሷል። ግዛቱ ለዕቅድ ጥናቱ 5.35 ሚሊዮን ዶላር በቦንድ የፈቀደው ጃንዋሪ 1998 ነው። በቀጣዩ ወር የመድኃኒት አምራቹ ፋይዘር ከሰፈሩ አጠገብ የ300 ሚሊዮን ዶላር የምርምር ማዕከል እንደሚሠራ አስታወቀ። ጃንዋሪ 2000 ላይ የከተማዋ ምክር ቤት ዕቅዱን አጸደቀ፣ ንብረት የማስለቀቅ ሥልጣኑንም ለአንድ የልማት ኮርፖሬሽን አሳልፎ ሰጠ። ወረቀቷ ስትለጠፍ ነገሩ ከተጀመረ ሦስት ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም።

በእነዚያ ሦስት ዓመታት ማን ምን ያውቅ ነበር? ስለ ማስለቀቅ ሥልጣን ስናወራ ቶሎ የምንሮጠው ወደ ካሳው መጠን ነው። ካሳው ትልቅ ነገር ነው፤ የሰው ኑሮ ነው። ግን ብዙ ጊዜ ካሳው ከመተመኑ በፊት ነገሩ አልቋል። የሚያልቀውም መረጃው መቼ፣ ለማን ደረሰ በሚለው ላይ ነው።

ሥልጣኑ ራሱ ምንድን ነው? መንግሥት የግል ንብረትን፣ ባለቤቱ ባይስማማም፣ ለሕዝብ ጥቅም ብሎ ካሳ ከፍሎ የመውሰድ መብት አለው። ሁጎ ግሮሺየስ የተባለው የኔዘርላንድ የሕግ ሊቅ በ1625 በላቲን ስም አወጣለት፦ «ዶሚኒየም ኤሚነንስ»፣ የበላይ ባለቤትነት እንደ ማለት። ድርጊቱ ግን ከስሙ በጣም ይቀድማል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት ዘመን ገዢው ምክንያት መናገር አይጠበቅበትም ነበር። ፈለገ፣ ወሰደ።

ይህን የቀየሩት ሁለት ጽሑፎች በሁለት ዓመት ልዩነት የወጡ ናቸው። በ1791 የጸደቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አምስተኛ ማሻሻያ የግል ንብረት ያለ ፍትሐዊ ካሳ ለሕዝብ አገልግሎት እንዳይወሰድ ይከለክላል። የ1789ኙ የፈረንሳይ የመብቶች መግለጫ ደግሞ በአንቀጽ 17 አንድ እርምጃ ይርቃል። የሕዝብ ፍላጎቱ በሕግ የተረጋገጠ መሆን አለበት ይላል። ፍላጎቱም ነገሩን «በግልጽ» የሚያስገድድ መሆን አለበት። ካሳው ፍትሐዊና ቀድሞ የሚከፈል ይሁን ይላል።

«በግልጽ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። ለማን ነው ግልጽ የሚሆነው? ለሚኒስትሩ? ለመሐንዲሱ? ፋይሉ ከተቆለፈ ፍላጎቱ ምንም ያህል እውነተኛ ቢሆን ግልጽ ነው ሊባል አይችልም። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የሆነው ይህ ቃል ዛሬም በአብዛኛው የዓለም ክፍል በሥራ አልተተረጎመም።

ሥልጣኑ ይቅር የምል ሰው አይደለሁም። መንገድ፣ የባቡር መስመር፣ የውሃ ማስተላለፊያ ያለ እሱ አይሠራም። አርባ ኪሎ ሜትር መስመር ተዘርግቶ መሃል ላይ አንድ ሰው «አልሸጥም» ቢል፣ ወይም አሥር እጥፍ ዋጋ ቢጠራ፣ የሁሉም ሥራ ይቆማል። ይህ ችግር የፈጠራ ወሬ አይደለም፣ በየአገሩ አለ።

ግን የሚወሰደውን ነገር በትክክል እንየው። በተራ ግብይት ሻጩ አንድ ትልቅ መሣሪያ አለው፦ እምቢ ማለት። ገዢው ለምን እንደፈለገው ባይነግረው ግድ የለም፣ ካልጣመው አይሸጥም። የማስለቀቅ ሥልጣን የሚወስደው መጀመሪያ ይህን እምቢታ ነው፤ ቤቱ ከዚያ በኋላ ይከተላል። እምቢ ማለት ለማይችል ሰው ምን ይቀረዋል? መጠየቅ። ለምን? ለምን እዚህ? ስንት? ማን ይጠቀማል? አራቱም ጥያቄዎች በእጅ መረጃ ከሌለ ባዶ ጩኸት ናቸው። ስለዚህ መረጃ መስጠት የመንግሥት ቸርነት ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም። ለተነጠቀው እምቢታ የሚከፈል ምትክ ነው።

ወደ ኒው ለንደን እንመለስ። እዚያ ሕዝቡ ምንም አልተነገረውም ማለት ውሸት ይሆናል። የሰፈር ስብሰባዎች ተደርገዋል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በውሳኔው ላይ ይህንን ሲተርክ የተጠቀመበት ግስ ግን ያስደነግጣል። ስብሰባዎቹ የተደረጉት ሕዝቡን ስለ ሂደቱ «ለማስተማር» ነው ይላል። ለመጠየቅ አይልም። ለመስማትም አይልም። እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። መድረክ አለ፣ ስክሪን አለ፣ ያማረ ሥዕል አለ። በሥዕሉ ላይ ዛፍና ሆቴል ይታያል፤ የእርስዎ ቤት ግን የለም። እጅ አውጥተው ቢጠይቁ «አስተያየትዎ ተመዝግቧል» ይባላሉ። ማን መዘገበው፣ የት ደረሰ፣ ምን መልስ ተሰጠው የሚል ሰነድ ከሌለ፣ ያ ስብሰባ ግልጽነት ሊባል አይችልም። የተሳታፊዎች ፊርማ ማሰባሰብ ብቻ ነው።

ሌላም ነገር ነበር። ዕቅዱን ያወጣውም፣ ቤቶቹን በከተማዋ ስም እንዲያስለቅቅ ሥልጣን የተሰጠውም የኒው ለንደን ልማት ኮርፖሬሽን የሚባል የግል፣ ለትርፍ ያልቆመ ተቋም ነው። ይህ አሠራር በብዙ አገር የተለመደ ነው። መንግሥት ሥልጣኑን ለልማት ድርጅት፣ ለባቡር ኩባንያ፣ ለኃይል አቅራቢ ያውሳል። ችግሩ ሥልጣኑ ሲሄድ ተጠያቂነቱ አብሮ አለመሄዱ ነው። አንድ የከተማ አስተዳደር ቃለ ጉባኤህን አሳየኝ ሲባል ሕግ ያስገድደዋል። ኮርፖሬሽኑ ግን «እኔ የግል ተቋም ነኝ» ብሎ በሩን የሚዘጋበት አገር ብዙ ነው። የሰው ቤት ማፍረስ የሚችል አካል ሁሉ፣ ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ የመረጃ ነፃነት ሕግ ሊደርስበት ይገባል። እዚህ ላይ ድርድር ያለ አይመስለኝም።

ጁን 23 ቀን 2005 ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ለከተማዋ ፈረደ። የኢኮኖሚ ልማትም «የሕዝብ አገልግሎት» ነው አለ። አገሩ በቁጣ ተነሳ፣ ከ40 በላይ ግዛቶችም ሕጋቸውን ቀየሩ። በዚያ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ የተረሳ አንድ ነገር አለ። ለከተማዋ ከፈረዱት አምስት ዳኞች አንዱ የሆኑት አንቶኒ ኬኔዲ ለብቻቸው አጭር አስተያየት ጽፈው ነበር። ለሕዝብ ጥቅም ተብሎ የሚደረገው ነገር ሽፋን ብቻ ሆኖ፣ ውስጡ አንድን የግል ወገን ለመጥቀም ከሆነ ፍርድ ቤት ሊሽረው ይገባል አሉ። ይህ ዓይነት ጥርጣሬ ሊመረመር የሚችለው መዝገብ ሲኖር ነው። ኬኔዲም ከተማዋ ዝርዝር ሥነ ሥርዓት መከተሏ መዝገቡን ለመመርመርና ዓላማዋን ለማጣራት እንደሚያመች በግልጽ ጽፈዋል። በውሳኔው ቢስማሙም ባይስማሙም ይህ ነጥብ ከባድ ነው። ከፍርድ ቤት በፊት የሚቀድመው ፋይሉ ነው። ፋይል የሌለው ባለቤት ዳኛ ፊት ቢቆም የሚያቀርበው ጥርጣሬውን ብቻ ነው፣ በጥርጣሬ ደግሞ አይፈረድለትም።

ፋይሉ ውስጥ ምን ሊኖር እንደሚችል የኒው ዮርኩ ጉዳይ ያሳያል። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በምዕራብ ሃርለም፣ ማንሃተንቪል በሚባለው ሰፈር፣ ወደ 17 ኤከር ቦታ ላይ ሊስፋፋ ፈለገ። ቦታውን በማስለቀቅ ሥልጣን ለመውሰድ ሰፈሩ «የተጎሳቆለ» መሆኑ መረጋገጥ ነበረበት። የግዛቱ የልማት ተቋም ይህን ጥናት እንዲያጠና የቀጠረው አማካሪ ድርጅት ግን አስቀድሞ ለዩኒቨርሲቲው ለራሱ የሚሠራ ነበር። ተከራካሪው ዳኛውንም ራሱ መረጠ እንደ ማለት ነው። ወቀሳው ሲበዛ ሁለተኛ አማካሪ ተቀጥሮ ሌላ ጥናት ተጠና።

ንብረታቸው የሚወሰድባቸው ባለቤቶች በመረጃ ነፃነት ሕጉ ሰነዶችን ጠየቁ። በሰነዶቹ ላይ ክርክሩ ገና ሳያልቅ ተቋሙ የጉዳዩን መዝገብ፣ አዲስ ማስረጃ እንዳይገባበት፣ ዘጋው። በ2009 የመጀመሪያው ይግባኝ ሰሚ ችሎት 3 ለ2 ለባለቤቶቹ ፈረደ። በ2010 የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሻረውና ተቋሙ አሸነፈ። የሕጉን ክርክር ለሕግ ሰዎች ልተወው። ለእኔ የሚታየኝ ግን ቀላል ነገር ነው። ሰነዱ የሚደርስበት ቀንና መዝገቡ የሚዘጋበት ቀን ካልተያያዙ፣ መረጃ የማግኘት መብት ወረቀት ላይ ብቻ ይኖራል። መልሱ ይመጣል፣ ግን ቡልዶዘሩ ካለፈ በኋላ።

በ1981 በሚሺጋን ዲትሮይት፣ ፖልታውን በሚባል ሰፈር ለጄነራል ሞተርስ ፋብሪካ ተብሎ ወደ 4,200 ሰዎች ተነሱ። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያኔ አጸደቀው። በ2004 ያው ፍርድ ቤት ያ ውሳኔ ስህተት ነበር ብሎ ሻረው። ከ23 ዓመት በኋላ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለዚህ ነው።

አሁን የመንግሥት ሰዎች ሁሌም ወደሚያነሱት መከራከሪያ ልምጣ። «ቀድመን ካወጣነው ደላላ ይገባል፣ ዋጋው ሰማይ ይነካል፣ አንዱ በአንድ ሌሊት ቤት ይሠራል፣ ሌላው ዛፍ ይተክላል» ይላሉ። እውነት አላቸው። ይህ በተደጋጋሚ የሚታይ ነገር ነው፣ ወጪውንም የሚሸከመው ግብር ከፋዩ ነው።

ግን ምስጢር ደላላን አያስቀርም። የትኛው ደላላ እንደሚገባ ይመርጣል እንጂ። ካርታው ተቆልፎ በሚቀመጥበት ቢሮ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች አሉ፣ ወንድምና ጓደኛ አላቸው። ካርታው ለሕዝብ ሳይወጣ በፊት ጸጥ ብሎ መሬት የሚገዛው ማን ነው? ወሬውን ያገኘው ነው። የሚሸጥለት ደግሞ ምንም የማያውቀው ገበሬ ወይም ጡረተኛ። ያ ሰው ሁለት ጊዜ ተጎዳ፦ ንብረቱን በርካሽ ሰጠ፣ ካሳውን ሌላ በላው።

መፍትሔው ደግሞ ከታወቀ ቆይቷል። በእንግሊዝ ሕግ ከ1947 ጀምሮ ስሙ የሚነሳ አንድ ደንብ አለ፤ ከትሪኒዳድ በመጣ ክርክር ላይ የተበየነ ነው። ካሳ ሲገመት ፕሮጀክቱ ራሱ ያመጣው የዋጋ ጭማሪ አይቆጠርም። በዚህ ላይ የግምት ቀን ይቆረጣል፦ ከዚህ ቀን ወዲህ የተሠራ ቤት፣ የተተከለ ዛፍ አይካተትም ይባላል፣ የዚያ ቀን ፎቶና ልኬት ይያዛል። ሁለቱ ካሉ ካርታውን ቀድሞ ማውጣት የሚያስፈራ ነገር አይደለም። ያን ጊዜ ዝምታን የሚፈልገው ሌላ ምክንያት ያለው ሰው ነው።

ቀድሞ ማውጣት የራሱ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ካርታ ላይ የገባ ቤት በዚያው ቀን ይታመማል። የሚገዛው የለም። ባንክ አያበድርበትም። ባለቤቱ ጣሪያው ቢያፈስም «ነገ ለሚፈርስ ነገር» ብሎ አያድሰውም። ፕሮጀክቱ አሥር ዓመት ቢዘገይ፣ አሥር ዓመት እንዲህ ይኖራል። እንግሊዞች ለዚህ መላ አበጅተዋል። ሁኔታውን የሚያሟላ የቤት ባለቤት፣ ፕሮጀክቱ ንብረቱን ካንጠለጠለበት፣ መንግሥትን «እንግዲያው አሁኑኑ ግዛኝ» ብሎ በሕግ ማስገደድ ይችላል። ይህ ትክክል ይመስለኛል። የግልጽነት ዋጋ ካለ የሚከፍለው ፕሮጀክቱን የፈለገው ወገን መሆን አለበት።

ስለ ግልጽነት በስሙ የጻፈ ሕግ ያላት ህንድ ናት። በቅኝ ግዛት ዘመን የወጣው የ1894ቱ የመሬት ማስለቀቅ ሕግ ከመቶ ዓመት በላይ ሠርቷል። በውስጡ «አስቸኳይ» የምትል አንቀጽ ነበረች፤ እሷ ስትጠቀስ ባለቤቱ ተቃውሞውን የሚያሰማበት ዕድል ይታለፋል። ከጃንዋሪ 2014 ጀምሮ የጸናው አዲሱ ሕግ ፍትሐዊ ካሳንና ግልጽነትን በአርዕስቱ ይዞ መጣ። አሁን ከማስለቀቅ በፊት የማኅበራዊ ተፅዕኖ ጥናት ይጠናል። ጥናቱ በአካባቢው ቋንቋ ተጽፎ በመንደሩ አስተዳደር ቢሮ ይቀመጣል፣ በሕዝብ ፊት ይሰማል። መሬቱ ለግል ኩባንያ ከሆነ ከሚነኩት ባለቤቶች 80 በመቶ፣ መንግሥትና የግል ኩባንያ በጋራ ለሚሠሩት ከሆነ 70 በመቶ መስማማት አለባቸው።

«በአካባቢው ቋንቋ» የምትለዋ ነገር ትንሽ ትመስላለች፣ ግን ብዙ ነገር እሷ ላይ ነው። ሰነዱ ዋና ከተማ ውስጥ፣ በቢሮ ቋንቋ፣ በሦስት መቶ ገጽ ተቀምጦ «ክፍት ነው» ማለት ይቻላል። ግን ያልተነበበ ነገር አልተነገረም። ይህ ጥበቃ ደግሞ በቀላሉ የሚሸረሸር ነው። ሕጉ አንድ ዓመት ሳይሞላው ትንሽ ሲቀረው፣ በዲሴምበር 2014 መጨረሻ፣ መንግሥት አምስት ዓይነት ፕሮጀክቶችን ከስምምነቱና ከጥናቱ ነፃ የሚያደርግ አስቸኳይ ድንጋጌ አወጣ። ተቃውሞው በረታና ድንጋጌው ኦገስት 2015 ላይ ሳይታደስ ቀረ።

የካሳ ግምቱም በጨለማ የሚሠራ ነገር መሆን የለበትም። አንድ ሰው ሜትር ይዞ ይመጣል፣ ግቢውን ይለካል፣ የሆነ ነገር ይጽፋል፣ ይሄዳል። ከወራት በኋላ አንዲት ቁጥር ትመጣለች። ቁጥሯ ከየት መጣች? በምን ነጠላ ዋጋ ተባዛች? ጉድጓዱ ተቆጥሯል? የአጥሩ ድንጋይስ? የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በ1970 ባወጣው ሕግ ገማቹ ሲመጣ ባለቤቱ አብሮት እየዞረ እንዲያሳየው ዕድል ሊሰጠው ይገባል ይላል። የተሰጠው ዋጋ በምን ላይ እንደተመሠረተም በጽሑፍ ይነገረዋል። አብሮ መዞር! በጣም ርካሽ ነገር ነው፣ ግን ስንት ክርክር ያስቀራል። ባለቤቱ የዛፉን ዕድሜ ያውቃል፣ ቧንቧው የት እንደተቀበረ ያውቃል።

ቻይና ደግሞ ያልጠበቅኩትን ነገር አሳየችኝ። በ2007 በቾንግቺንግ ከተማ ዙሪያው ሁሉ ተቆፍሮ፣ ወደ አሥር ሜትር በሚጠጋ የአፈር ጉብታ ላይ ብቻውን የቆመ ቤት ፎቶ ዓለምን ዞረ። አልነቀል ስላለ «የምስማር ቤት» ተባለ። በ2011 የወጣው ደንብ ውሃና መብራት እየቆረጡ ሰው ማስወጣትን ከለከለ። የካሳው ዕቅድ ቢያንስ ለ30 ቀን ለአስተያየት ይውጣ አለ። ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ ግን ሌላው ነው፦ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የተከፈለው ካሳ ዝርዝር እዚያው ለሚነሱት ሰዎች በይፋ ይገለጻል። ጎረቤት የጎረቤቱን ያያል ማለት ነው። የግል ጉዳይ ነው የሚል ይኖራል፣ እኔም መጀመሪያ እንደዚያ አሰብኩ። ነገር ግን ገንዘቡ የሕዝብ ነው። ተመሳሳይ ሁለት ቤቶች የተለያየ ካሳ ሲያገኙ ወዲያው የሚታየው በዚህ መንገድ ነው። በየቦታው ይተገበራል አልልም። ሐሳቡ ግን ሌላ አገርም ሊወስደው የሚገባ ነው።

ከተወሰደ በኋላስ? እዚህ ላይ ሁሉም ሰው ዝም ይላል። በህንድ ምዕራብ ቤንጋል፣ ሲንጉር በሚባል ቦታ፣ በ2006 ለታታ የመኪና ፋብሪካ 997 ኤከር የእርሻ መሬት ተወሰደ። ተቃውሞው ሲበረታ ታታ በ2008 ጥሎ ወጣ። መሬቱ ለገበሬዎቹ እንዲመለስ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያዘዘው ኦገስት 2016 ላይ ነው። አሥር ዓመት። አዲሱ የህንድ ሕግ አምስት ዓመት ያልተሠራበት መሬት ወደ ባለቤቱ ወይም ወደ መንግሥት የመሬት ባንክ እንዲመለስ ያዛል። ይህ እንዲሠራ ግን አንድ መዝገብ ያስፈልጋል፦ ምን ተወሰደ፣ ምን ቃል ተገባ፣ ዛሬ ምን አለበት? በየዓመቱ የሚታደስ፣ ማንም ገብቶ የሚያየው።

ኒው ለንደን እንዲህ ያለ መዝገብ ቢኖራት ምን ይነበብ ነበር? ዕቅዱ ከ1,000 በላይ የሥራ ቦታ ይፈጥራል ተብሎ ነበር። ኖቬምበር 2009 ላይ ፋይዘር ማዕከሉን ዘግቶ ከከተማዋ እንደሚወጣ አስታወቀ። ቤቶቹ የነበሩበት ቦታ ለብዙ ዓመታት አረም በቅሎበት ባዶውን ቆየ። ሮዟ ቤት ግን አልጠፋችም። በ2008 እንጨት በእንጨት ተፈታ በዚያችው ከተማ ወደ ሌላ መንገድ ተወሰደች፣ እዚያም እንደገና ተገጣጥማ ቆመች።